ከእንግዳነት ወደ ባለዕዳነት

ከአዲስ አበባ በማለዳ ተነሥቶ፣ በጎሐ ጽዮን ቁልቁለት ወደ ዓባይ በረሓ ወርዶ፣ በደጀን በኩል ሽቅብ ወጥቶ፣ ደብረ ማርቆስን፣ ቡሬንና ጥሊሊን በተራ ወደ ኋላው እየተወ ወደ ማምሻው እንጅባራ የሚገባ መንገደኛ፣ ከአውቶቡሱ ሲወርድ አስቀድሞ የሚቀበለው ሰው ሳይሆን ብርድ ነው። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች በክረምት ጉሙ ከጣራ ወደ ጣራ እየተሳበ ይውላል፤ በመንገዱ ዳር ለሽያጭ የተደረደሩት የቀርቀሃ ወንበሮችም በካፊያ ርሰው፣ የሚቀመጥባቸው አጥተው ይታያሉ። ዘመድ የሚጠብቀው መንገደኛ ይህን ሁሉ አያይም፤ ዓይኑ የሚፈልገው አንድ ፊት ብቻ ነውና። የሚጠብቀው የሌለው ግን ሁሉን ያያል፤ የሱቁን ጽሑፍ ያነባል፣ የባጃጁን ቀለም ይመለከታል፣ የማያውቃቸው ሰዎች እርስ በርሳቸው ሲሳሳቁ ይሰማል፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ስሙን የሚያውቅ አንድ ስንኳ እንደሌለ የሚረዳውም ያን ጊዜ ነው።

ከብዙ ዓመታት በፊት፣ በሐምሌ ወር፣ እኔም የምደባ ደብዳቤዬን በላስቲክ ጠቅልዬ በዚያ ስፍራ ቆሜአለሁ። ደላላ ያገኘልኝ ቤት አንዲት ክፍል ነበረች፤ ጣራዋ ቆርቆሮ በመሆኑ ዝናቡ ሲወርድባት ሰው የገዛ ሐሳቡን እንኳ የማይሰማባት። ነጠላቸውን በወገባቸው ያሰሩት አሮጊት የቤቱ ባለቤት ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት ሦስት ነገር ጠየቁኝ፤ «አገርህ ከወዴት ነው ልጄ? የማን ልጅ ነህ? እዚህስ ማን አለህ?» የመጀመሪያውን መለስሁ። ለሁለተኛው የአባቴን ስም ብነግራቸው ስሙ ከአፌ ወጥቶ የሚያርፍበት አጣ፤ እሳቸውም ደግመው አልጠየቁኝም። ለሦስተኛው «ማንም የለኝ እማማ» አልሁ። ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው «እንግዲያው እግዜር አለህ» አሉና ቁልፉን ሰጡኝ።

ይህ ጥያቄ ለመጻተኛው ጆሮ የመርማሪ ጥያቄ ይመስላል፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በአገራችን ልማድ ሰው ለብቻው የሚነበብ ቃል አይደለም። የሰዋስው ሊቃውንት እንደሚያስተምሩት ቃል ከማሰሪያ አንቀጹ ተለይቶ ቢቆም ምስጢሩ ሳይፈታ እንደሚቀር፣ ሰውም ከአባቱ፣ ከደብሩ፣ ከመንደሩና ከእድሩ ተለይቶ ሲቆም እንዴት ተብሎ እንደሚነበብ አይታወቅም። አሮጊቷ የፈለጉት እኔን መመርመር ሳይሆን እኔን የሚያስሩበት አንቀጽ ማግኘት ነበር፤ ባጡም ጊዜ ለእግዜር አሳልፈው ሰጡኝ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ለእንግዳ የሚገባው ሁሉ ተደረገልኝ ብል ማጋነን አይሆንም። ቡና በተፈላ ቍጥር እጠራለሁ፤ ትኩስ ቅቅል ድንች ከአዋዜ ጋር ይቀርብልኛል፤ ከሁሉም በተሻለው ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ተነሥቼ ስኒ ላቀብል ብል «ኧረ ተው፣ አንተ እንግዳ ነህ» ተብዬ በግድ እመለሳለሁ። ነገር ግን ማታ ወደ ክፍሌ ገብቼ በሬን ስዘጋ ብቸኝነቱ ከመጣሁበት ቀን አንዲት ጣት ያህል እንኳ አልጎደለም ነበር። ምክንያቱን ለመረዳት ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። ሁሉም ይሰጠኛል እንጂ ከእኔ አንዳች ነገር የሚፈልግ አልነበረም። ዛሬ ከዚህ ተነሥቼ ለማስረዳት የምሻው ይህን ነው፤ ማንንም በማያውቅበት ከተማ የሚሰፍር ሰው ችግሩ ፍቅርና መስተንግዶ ማጣት ሳይሆን ግዴታ ማጣት ነው፤ ሰው የአንድ ከተማ ሰው የሚሆነው በተጋበዘበት ቀን ሳይሆን በታዘዘበት ቀን ነው።

ቋንቋችን ራሱ ለዚህ ምስክር ይሆናል። እንግዳ፣ መንገድ፣ ንግድና ነጋዴ የተባሉት ቃላት በግእዝ «ነገደ» ከሚለው ግሥ፣ ከአንድ ግንድ የበቀሉ ቅርንጫፎች ናቸው፤ ግሡም መጓዝንና መነገድን ባንድነት ያመለክታል። እንግዲህ እንግዳ የተባለው ሰው በስሙ ውስጥ መንገድን ይዞ የሚዞር፣ ዛሬ አድሮ ነገ የሚያልፍ ነው፤ የሚከበረውም ስለሚያልፍ ነው። መጥቶ የሚቀረው ሰው ግን ይህን የመሰለ የክብር ስም አላገኘም። ሲያዝኑለት ባይተዋር ይሉታል፤ ሲሰለቹት መጤ ይሉታል፤ ጊዜው የከፋ እንደ ሆነም ጸጉረ ልውጥ ብለው ይጠቁሙበታል። የጀርመኑ የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ ጌኦርግ ዚመል እ.ኤ.አ በ1908 ስለ ባዳ ሰው በጻፈው ጽሑፍ የመረመረውም ይህንኑ ነበር፤ ለእሱ የነገሩ ቍልፍ ያለው በሚያልፈው መንገደኛ ዘንድ ሳይሆን በመካከላችን ሰፍሮ፣ ቅርባችን ሆኖ ሳለ ሩቅ በሚሆንብን ሰው ዘንድ ነው።

እንዲህ ያለው ባይተዋርነት በትልቅ ከተማና በትንሽ ከተማ አንድ ዓይነት መልክ የለውም። አዲስ አበባ አለመተዋወቅን ለነዋሪዎቿ ሁሉ በየድርሻቸው አካፍላ ስለ ሰጠች፣ በዚያ ማንም የማያውቀው ሰው ብዙ ብጤ አለው። በ1999 ዓ.ም በተደረገው ቈጠራ የአዊ ዞን ነዋሪ ከ980 ሺህ በላይ ሲሆን በከተማ የሚኖረው ከመቶው ከ12 እስከ 13 የሚሆነው ብቻ ነበር፤ እንጅባራ ከ20 ሺህ ጥቂት ፈቅ ያለች፣ ዳንግላም ከእርሷ ብዙም የማትርቅ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱም አድገዋል፤ ሆኖም ዛሬም ቢሆን ሰው በአባቱ ስም፣ በቅሎና ፈረስ በባለቤታቸው ስም የሚታወቁባቸው ከተሞች ናቸው። ሁሉ በሚተዋወቅበት ስፍራ አለመታወቅ የአንድ ሰው ብቻ ዕድል ይሆናል፤ መጻተኛው ገበያ መካከል ሲሄድ ማንም ሳያናግረው ሁሉም ያየዋል።

በዚህ ላይ ቋንቋው አለ። ከኮሶ በር፣ ማለትም ከእንጅባራ፣ ወደ አዲስ ቅዳምና ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ገበያተኛው አንዴ በአማርኛ አንዴ በአውኚ ይነጋገራል፤ ሁለቱንም እንደ ሁለት እጁ የሚያዝባቸው ብዙ ነው። አማርኛ ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ጨዋታው በድንገት ወደ አውኚ ሲሻገር በወንዝ ማዶ እንደ ቀረ ሆኖ ይሰማዋል። ግን ነገሩን ጠለቅ ብሎ የሚያይ ሰው ሌላ ምስጢር ያገኛል። አውኚ ከዋግ ኽምጣንጋ ጋር የሚዛመድ የኩሽ ቋንቋ ነው፤ አማርኛም ሴማዊ ሆኖ ሳለ ግሡን በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ማሰሩን የመሳሰለውን ጠባይ ያገኘው ከአገው ልሳናት ጋር አብሮ በማደጉ ምክንያት እንደ ሆነ የቋንቋ ተመራማሪዎች ያስረዳሉ። ስለዚህ መጻተኛው ባዳ መስሎ የተሰማው ልሳን ለገዛ ቋንቋው ሞግዚት ነበረ ማለት ነው።

የአገሩ ባለቤቶችም ቢሆኑ ስለ ራሳቸው የሚናገሩት ታሪክ የፍልሰት ታሪክ ነው። «ሰባት ቤት አገው» የሚለው ስም አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ቋቁራ፣ መተከልና ዚገም የተባሉትን ሰባት ቤቶች የሚያመለክት ሲሆን፣ አበው ሲወርድ ሲዋረድ እንደ ነገሩት እነዚህ ከላስታ በኩል ፈልሰው መጥተው በዚህ ምድር የተከፋፈሉ ወንድማማቾች ናቸው። ትውፊቱን የታሪክ ሊቃውንት በየበኩላቸው ሊመዝኑት ይችላሉ፤ ለእኔ የሚበቃኝ ግን አንድ ሕዝብ የራሱን ጥንት ሲተርክ «ከዘላለም እዚህ ነበርን» ከማለት ይልቅ «መጥተን ሰፈርን» ማለትን መምረጡ ነው። መጥቶ መስፈር በአገው ምድር የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ የአባቶች ሥራ ነው። የቀደሙት ሰፋሪዎች የተከበሩት ግን በመምጣታቸው ሳይሆን ደን መንጥረው፣ ድንበር ተካፍለው፣ ሙታናቸውን በዚያው ስለ ቀበሩ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ እንግዳ ሆኖ ኖሮ እንግዳ ሆኖ ስለ ሄደ ሰው ማሰብ የፈለገ ወደ ዳንግላ ይውረድ። እንግሊዛዊው ሮበርት ኧርነስት ቺዝማን እ.ኤ.አ ከ1925 እስከ 1934 ድረስ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የመንግሥቱ ቆንስል ሆኖ መቀመጫውን ያደረገው በዚህች ከተማ ነበር። የዓባይን ሸለቆ በበቅሎ እየተጓዘ የመረመረ፣ በጣና ደሴቶች ያሉትን ገዳማት እየዞረ የጐበኘ፣ አዕዋፍንና አራዊትን ያጠና ሰው ነው፤ ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ የጻፈው መጽሐፍም እ.ኤ.አ በ1936 ታትሞ እስከ ዛሬ ለተመራማሪዎች ምንጭ ሆኖ ይጠቀሳል። ዘጠኝ ዓመት ያህል በአንድ አገር ተቀምጦ ወንዙን እስከ ገባሩ ማወቅ ቀላል ነገር አይደለም። ቆንስል ግን በሹመቱ እንግዳ ነው፤ የአገሩ ዳኛ አይዳኘውም፣ ግብሩ አይደርሰውም፣ ዘመኑ ሲያልቅ የሚተካው ይመጣል። አገርን ማወቅና የአገር ሰው መሆን ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም። ዛሬም በየመሥሪያ ቤቱ ያለን ብዙዎቻችን፣ ባንዲራ ባናውለበልብም፣ የተመደብንበትን ከተማ በቆንስል ጠባይ እንኖርበታለን።

አባቶቻችን ይህን ደዌ የሚፈውሱበት ጥበብ አልጎደላቸውም። የቆሎ ተማሪውን እንመልከት። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ቅኔ ፍለጋ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ የሚወርደው ልጅ ከቤተ ሰቡ ሲለይ በሚሄድበት ደብር የሚያውቀው ማንም የለም። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በየደጁ ሲቆም ከሰው በፊት የሚቀበለው ውሻ ነው፤ የሚሰጠውም ቍራሽ እንግዳ ስለ ሆነ የተሰጠው ነው። ወደ ጉባኤ ቤቱ ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። በዚያ ማንም እንደ እንግዳ አያስቀምጠውም፤ እንጨት ይለቅማል፣ ውኃ ይቀዳል፣ ጎጆውን ራሱ ይሠራል፣ ከየኔታ ፊት ቆሞ በሰዋስው ሲሳሳት ይገሠጻል። ሳምንት ሳይሞላው የዚያ ቤት ልጅ ነው። በአንድነት ገዳማትም ሥርዓቱ ይኸው ነው፤ ዓለምን ንቆ የመጣው ሰው ቆብ ከመድፋቱ አስቀድሞ በመፍጨት፣ ውኃ በመቅዳትና በመሳሰለው ተግባረ ቤት ይፈተናል፤ ስሙም ረድእ ይባላል፤ ይኸውም በግእዙ ረዳት ማለት ነው። መጻተኛውን «ረዳት» ብሎ መሰየም ምን ያህል ጥልቅ ማስተዋል እንደ ሆነ ልብ ይሏል፤ አስቀድሞ ይሠራል፣ በሥራውም ይታወቃል፣ በመታወቁም የማኅበሩ ሱታፌ ይኖረዋል።

የከተማው ሕዝብ ደግሞ በበኩሉ እድርን ፈጠረ። እድር ከጥንት ከገጠር የወረስነው የሚመስለን ብዙዎች ነን፤ ጥናቶች የሚያመለክቱት ግን በ20ኛው መቶ ዓመት የመጀመሪያ አሠርታት በአዲስ አበባ የተስፋፋ የከተማ ማኅበር መሆኑን፣ ከጠንሳሾቹም መካከል ከጉራጌ አገር መጥተው በከተማይቱ የሰፈሩ ሰዎች እንደሚገኙበት ነው። በገጠር ሰው ሲሞት ዘመዱ ይቀብረዋል፤ ዘመድ በሌለበት ከተማ ግን «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» የሚለው ፍርሃት ባዳውን ከባዳ ጋር አስማማው። እንግዲህ ዛሬ የአንድ ሠፈር ሥር መስሎ የሚታየን እድር በመሠረቱ ማንንም የማያውቁ ሰዎች የፈጠሩት ጥበብ ነው። ከዚያም አልፎ ባሕር ተሻግሮ፣ በዋሽንግተንና በሌሎችም ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በሰው አገር እድር መሥርተዋል። ዝምድናን ከደም ሳይሆን ከውል የወለደ ማኅበር ነው።

የእኔም እንግድነት የተሻረው በእድር ነው። ከገባሁ በአምስተኛው ወር፣ በታኅሣሥ አንድ ንጋት፣ ገና ሳይነጋ ጡሩምባ ተነፋ። ለፋፊው የሟቹን ስም እየጠራ በሠፈሩ ሲያልፍ እኔ ብርድ ልብሴን ወደ ላይ ሳብሁ፤ ሟቹን አላውቀውም ነበርና። ወዲያው በሬ ተንኳኳ። አሮጊቷ ናቸው። «ተነሣ ልጄ፣ ድንኳን የሚያወጣ ጎልማሳ ጠፍቷል፤ ሂድና ካስማውን ያዝ!» አሉኝ። ልመና አልነበረም፤ ትእዛዝ ነበር። ወጣሁ። ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ነበር፤ ሸራውም በብርድ ደርቆ ሲዘረጉት እንደ ቍርበት ይንኳኳል። አንዱን ወገን እኔ፣ ሌላውን ወገን የማላውቀው ጎረምሳ ይዘን ስናቆም እጄ ደንዝዞ ካስማው አዘነበለብኝ። ጎረምሳው ፊቴን እንኳ ሳያይ «ቀጥ አድርገህ ያዝ እንጂ፣ ምን ሆነሃል!» ብሎ ጮኸብኝ። በአምስት ወር ውስጥ በዚያች ከተማ የተቈጣኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። እንግዳ አይቈጡትም፤ የሚቈጡት የራስ የሆነውን ነው። ያን ቀን ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጬ ንፍሮ ዘገንሁ፤ በማግስቱም መንገድ ላይ የማላውቃቸው ሰዎች «ትናንት ድንኳን የተከለው ልጅ» እያሉ ሰላምታ ሰጡኝ። ስም አገኘሁ።

ይህን ሁሉ የማነሣው ያለፈውን ለማወደስ አይደለም። የዛሬው ዘመን መጻተኛውን ከግዴታ የሚያድኑ ብዙ መሸሸጊያዎች አዘጋጅቶለታል። ባለደመወዙ ዓርብ ማታ ተሳፍሮ ባሕር ዳር ይሄድና ሰኞ ጠዋት ይመለሳል፤ መንገዱ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነውና ሩቅ አይደለም፤ ነገር ግን የአንዲት ትንሽ ከተማ ሠርግ፣ ማኅበርና ሰንበቴ የሚውለው በእነዚያ በሚሄድባቸው ቀናት ነው። ስልኩም ቢሆን ሌላ አውቶቡስ ነው፤ ሥጋውን በእንጅባራ አስቀምጦ ኅሊናውን በየማታው ወደ ወጣበት ሠፈር ያመላልሰዋል። ከወዳጅና ከዘመድ ጋር መነጋገር መልካም መሆኑን ማንም አይክድም፤ ሆኖም ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት እንደሚሻል የተናገሩት አባቶች ሕመም በሌሊት እንደሚመጣ ስለሚያውቁ ነው።

የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም ማስተማር ሲጀምር ከተማይቱ ከልዩ ልዩ የኢትዮጵያ ክፍል በምደባ የመጡ ወጣቶችን ተቀበለች። በዚያው ዓመት በጥር ወር የእንግሊዝ መንግሥት የብቸኝነትን ጉዳይ የሚከታተል ሚኒስትር መሾሙ በዓለም ተሰማ፤ ብዙ ሀብት ያለው ሕዝብ ጎረቤትን የሚተካ ነገር በሹመት መፈለግ እንደ ጀመረ ስናይ እኛ ገና ከእጃችን ያልወጣውን ሀብት ልናስተውል ይገባን ነበር። ከሩቅ የመጣ ተማሪ ግን በአጥር ውስጥ ይተኛል፣ በአጥር ውስጥ ይመገባል፣ ከአገሩ ልጆች ጋር ተሰብስቦ የአገሩን ቋንቋ ይናገራል፤ ከሦስት ወይም ከአራት ዓመት በኋላ ዲግሪውን ይዞ ሲወጣ የሚያውቀው እንጅባራ ከግቢው በር እስከ አውቶቡስ መናኸሪያ ያለውን ነው። ይህ የተማሪው ጥፋት ብቻ አይደለም። ማንም ለድንኳን አልቀሰቀሰውም።

ስለዚህ የከተማውም ድርሻ መነሣት ይኖርበታል። በብዙ ሠፈር የእድር መዝገብ ባለቤትን እንጂ ተከራይን አያውቅም፤ ተከራይ ዛሬ ገብቶ ነገ የሚወጣ ነው ይባላልና። ነገሩ እርስ በርሱ የሚዞር ነው፤ ይሄዳል ተብሎ የማይመዘገበው ሰው ስላልተመዘገበ ይሄዳል። የሰላም እጦት በበረታባቸው በእነዚህ ዓመታት ደግሞ ጸጉረ ልውጥ የሚለው ቃል ከአፍ አፍ ይዘዋወራል፤ ሰው ቤቱንና ልጆቹን ለመጠበቅ ሲል መጻተኛውን በጥርጣሬ ማየቱ ያሳዝናል እንጂ አያስደንቅም። ግን ከሁሉ የሚያስጠረጥረው ማን ነው? ማንም የማይጠይቀው፣ ማንም የማያዝዘው፣ ቀኑን የት እንደሚውል ጎረቤቱ የማያውቀው ሰው አይደለምን? በእድር የተመዘገበ፣ በለቅሶ የታየ፣ በድንኳን ሥር የተቈጡት ሰው ጸጉሩ ቢለወጥም ጸጉረ ልውጥ አይባልም።

ይህ ሕዝብ መቀበልን እንዲማር የሚያስፈልገው አይደለም። በ2013 ዓ.ም ከመተከል የተፈናቀሉ በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች በቻግኒ አጠገብ ራንች በተባለው መጠለያ በሰፈሩ ጊዜ ከመንግሥትና ከረድኤት ድርጅቶች እርዳታ ሌላ የአካባቢው ሰው ካለው ያካፈለውን ብዙዎች ያስታውሳሉ። ነገር ግን በዚያም የታየው ያው የእንግዳ ዕጣ ነው፤ መጠለያ ሰውን ሲመግብ ውሎ ሲመግብ ያድራል፣ ሰው ግን ከመብላቱ ይልቅ ለሌላው ሲያጐርስ ሰውነቱ ይመለስለታል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበርም በዚህ ረገድ የሚያስተምረን አለ። በዓድዋ ጦርነት የተሰለፉትን ፈረሶች ውለታ ለማሰብ በ1932 ዓ.ም የተመሠረተው ይህ ማኅበር ከ60 ሺህ በላይ አባላት እንዳሉት ይነገርለታል፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ ፈረሶቹ በግላስና በመርገፍ አጊጠው በእንጅባራ ሜዳ ሲሰለፉ፣ መጻተኛው ከሩቅ ቆሞ ፎቶግራፍ ያነሣል። የማኅበሩ ኃይል ግን በዚያ ቀን ትርኢት ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ በሠርግ፣ በለቅሶና በዕርቅ ሁሉ አባሉን ስለሚጠራው ነው። ለፈረስ የተሰጠው ውለታ ሰዎችን እርስ በርሳቸው ባለዕዳ አደረጋቸው።

«ግዴታ ሸክም ነው፤ ሰው ከተማ የሚገባው ከዚህ ሸክም ለመሸሽ አይደለምን?» የሚል ይኖራል፤ እውነትም አለው። የአክስቱ ዓይን ከማይደርስበት ስፍራ መኖር፣ የትናንት ስሙን ጥሎ አዲስ ሰው መሆን የሚመኝ ወጣት ብዙ ነው፤ በተለይም ልጃገረዶች የመንደር ሐሜት ምን ያህል እንደሚያንቅ ያውቁታል። አለመታወቅ ለጥቂት ጊዜ ዕረፍት ነው፤ ለነፍስም ይጠቅማል፤ ባሕታውያን የመረጡት ስለዚህ ነው። ነገር ግን ሰው የወረሰውን ግዴታ ሲጥል በፈቃዱ የመረጠውን ካልተካበት ነፃነቱ ባዶ ክፍል ይሆንበታል። የትውልድ መንደር ዕዳ ሳንጠየቅ የተጫነብን ነው፤ የአዲስ ከተማ ዕዳ ግን ራሳችን ፈልገን የምንገባበት ስለ ሆነ ሸክሙ ቀላል፣ ክብሩም የራሳችን ነው።

ለአዲስ መጪ የምሰጠው ምክር እንግዲህ አጭር ነው። ወዳጅ ለማግኘት አትቸኵል፤ ወዳጅነት ፈልገው የሚያገኙት ነገር አይደለም። ይልቅስ የምትታዘዝበት ነገር ፈልግ። የአውኚን ሰላምታ ከጎረቤትህ ልጅ ተማር፣ ሲስቅብህም አብረህ ሳቅ። በገባህ በመጀመሪያው ወር የእድሩን ዳኛ ቤት ጠይቀህ ሂድ። ቅዳሜና እሑድን ለከተማይቱ ተውላት። የከተማውም ሰው፣ የመሥሪያ ቤቱም ኃላፊ፣ የዩኒቨርሲቲውም መምህር ለመጣው ሰው የክብር ወንበር ብቻ አታቅርቡለት፤ ካስማም አስይዙት።

እኔ ከዓመት በኋላ በአሮጊቷ ዋስነት በእድሩ ተመዘገብሁ። ብዙም ሳይቈይ በሥራ ምክንያት ባሕር ዳር በነበርሁበት ሳምንት አንድ ጎረቤት ዐረፈ፤ ቀብሩ አመለጠኝ። በወሩ መጨረሻ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አባላቱ ከዛፉ ሥር ሲሰበሰቡ የእድሩ ዳኛ መነጽራቸውን አድርገው የቀሪዎችን ስም ከመዝገቡ ማንበብ ጀመሩ፤ የእኔም ተራ ደረሰና ስሜን ከነአባቴ ስም ጠሩት። ሰብሳቢው «ቅጣት፣ ዐሥር ብር» አሉ። የአባቴ ስም ዐሥራ ስምንት ወር ሙሉ ማረፊያ አጥቶ ከዞረ በኋላ በዚያ መዝገብ ላይ ተጽፎ፣ በዚያ ዛፍ ሥር ጮኾ ተነበበ። ተነሥቼ ዐሥሩን ብር ከፈልሁና፣ ፈገግታዬን አንገቴን በማቀርቀር እየሸሸግሁ ቦታዬ ላይ ተቀመጥሁ።